የሕዝብ መዋኛ ገንዳ ቅንጦት አይደለም፤ የከተማ ነዋሪ መብት ነው

በፓርቲው ዋና ጸሐፊ



በዚህ የምርጫ ሰነድ ውስጥ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ መኖሪያ ቤት፣ ስለ ሥራ አጥነት፣ ስለ ፍትሕና ስለ ሰላም ያለንን አማራጭ በየክፍሉ አቅርበናል። በዚህ ክፍል የምናነሳው ጉዳይ ግን በአገራችን የምርጫ ሰነዶች ውስጥ እምብዛም ቦታ የማይሰጠው ነው። እርሱም የሕዝብ መዋኛ ገንዳ ነው። ከመካከላችሁ «ዳቦ በተወደደበት፣ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ስለ ዋና ማውራት ምን የሚሉት ቀልድ ነው?» የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ በመሆኑ አንሸሸውም፤ ከዚህ በታች ፊት ለፊት እንመልሳለን።

አስቀድመን ግን አቋማችንን በግልጽ እናስቀምጥ። የከተማ አስተዳደር መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ እንደሚሠራ ሁሉ፣ ማንኛውም ነዋሪ በአነስተኛ ክፍያ የሚጠቀምበት፣ ውኃው የተጣራ፣ ጠባቂ ያለው የመዋኛ ገንዳ ማቅረብም ከአገልግሎት ግዴታዎቹ አንዱ ነው ብለን እናምናለን። ምክንያታችን ሦስት ነው። ገንዳ የልጆችን ሕይወት ያድናል። የአዋቂውንና የአረጋዊውን ጤና ይጠብቃል። ድሃውንና ባለጸጋውን በአንድ ቦታ በእኩልነት ያገናኛል።

ልጆቻችን የሚሞቱበት ውኃ

በየክረምቱ የምንሰማው ዜና ነው። ዝናቡ ሲያባራ ልጆች ለጨዋታ ከቤት ይወጣሉ። ለሕንፃ መሠረት ተቆፍሮ የተተወው ጉድጓድ፣ ድንጋዩ ወጥቶ ሳይደፈን የቀረው ካባ በውኃ ሞልቶ ይጠብቃቸዋል። በልጅ ዓይን ሲታይ ገንዳ ነው። ውኃው ደፍራሽ ስለሆነ ጥልቀቱ አይታይም፤ ዳሩ ጭቃ ስለሆነም የገባ ሰው የሚይዘው ነገር አያገኝም። አንዱ ይገባል፤ ይሰጥማል፤ ሊያወጣው የዘለለ ጓደኛውም አብሮት ይቀራል። የእሳትና የአደጋ ሠራተኞች ደርሰው አስከሬን ያወጣሉ፤ ወላጆች ልጆቻቸውን እንዲጠብቁ ማሳሰቢያ ይነገራል፤ በሚቀጥለው ክረምት ይኸው ይደገማል።

ማሳሰቢያው ተገቢ ነው። ነገር ግን ጠዋት ወጥታ ማታ የምትገባ የቀን ሠራተኛ እናት ልጇን ቀኑን ሙሉ በምን ዓይኗ ትጠብቀው? ልጅ ደግሞ ውኃ ይወዳል። ንጹሕና ጥበቃ ያለው ውኃ ካላገኘ ጥበቃ የሌለውን ፈልጎ ይሄዳል። ችግሩ የወላጅ ቸልተኝነት ብቻ እንደሆነ አድርጎ መናገር ኃላፊነትን ከአስተዳደሩ ትከሻ አውርዶ በድሃ እናት ላይ መጫን ነው።

ጉዳዩ የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት በ2021 በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰዎች ውኃ ውስጥ ሰጥመው መሞታቸውን ገልጿል። ከአሥሩ ዘጠኝ የሚሆኑት የሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳለፈው ውሳኔ ጁላይ 25 ቀን በውኃ መስጠምን የመከላከያ የዓለም ቀን ሆኖ እንዲታሰብ አድርጓል። ድርጅቱ ለመንግሥታት ከሚመክራቸው እርምጃዎች መካከል ሁለቱ እኛን በቀጥታ ይመለከቱናል፤ አንደኛው አደገኛ ውኃን ማጠር ሲሆን፣ ሁለተኛው ለትምህርት የደረሱ ልጆችን መሠረታዊ ዋናና የውኃ ደኅንነት ማስተማር ነው።

ይህን ለማድረግ የግድ ሀብታም መሆን አያስፈልግም። ውኃ በበዛባት ባንግላዴሽ በመንደር ኩሬዎች ውስጥ ከቀርከሃ መድረክ ሠርተው፣ ልጆች ከደረታቸው በማያልፍ ጥልቀት እንዲማሩ አድርገዋል። በዚያ የሚሰጠው ትምህርት የኦሊምፒክ ዋናተኛ ለማውጣት የታሰበ አይደለም። ልጁ ውኃ ላይ መንሳፈፍ፣ ጥቂት ሜትር ዋኝቶ ዳር መድረስ፣ የሚሰጥም ጓደኛውን ደግሞ ወደ ውኃው ሳይገባ እንጨት ወይም ገመድ አቀብሎ ማውጣት ይማራል። የእኛ ልጆች የሚሞቱት ይህችኑ ባለማወቃቸው ነው።

«ወንዝና ሐይቅ እያለ ገንዳ ለምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። በእኛ የልጅነት ዘመን የአዲስ አበባ ልጅ ዋና የሚለምደው በቀበናና በሌሎች ወንዞች ነበር። ዛሬ በነዚያ ወንዞች ውስጥ የሚወርደው የመጸዳጃ ቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ልጅ የሚገባበት አይደለም። በጣና፣ በሐዋሳና በዝዋይ ሐይቆች ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ፤ ትሉ በቆዳ በኩል ስለሚገባ ልጁ ታመመ የሚባለው ከቆይታ በኋላ ነው። በአርባ ምንጭ ደግሞ ሐይቁን የሚጠብቀው አዞ ነው። ተፈጥሮ በውኃ ባርካናለች፤ ልጅ በሰላም የሚዋኝበትን ውኃ ማዘጋጀት ግን የሰው ሥራ ነው።

ገንዳ ለጤና የሚሰጠው ጥቅም

የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊትና የልብ ሕመም በከተሞቻችን የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ሆነዋል። ሐኪሙ «እንቅስቃሴ አድርግ» ይላል። የዓለም ጤና ድርጅትም አንድ አዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ ልጆች ደግሞ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። ምክሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ጉልበታቸውን የሚያማቸው የ60 ዓመት እናት የት ይሩጡ? ወገቡ የተጎዳ ሹፌር፣ ክብደት የበዛበት የቢሮ ሠራተኛ፣ የመንታ እርጉዝ የሆነች ሴት በድንጋይ ንጣፍ ላይ ምን ዓይነት ስፖርት ይሥሩ?

መልሱ ውኃ ውስጥ ነው። እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ የቆመ ሰው እግሩ የሚሸከመው የሰውነቱን ክብደት ግማሽ ያህል ብቻ ነው፤ እስከ አንገቱ ከገባ ደግሞ አንድ አሥረኛውን ያህል ነው። በመሆኑም በመሬት ላይ መራመድ የሚያቅተው ሰው ውኃ ውስጥ ይራመዳል። ልብና ሳንባው ይሠራሉ፤ መገጣጠሚያው ግን አይጎዳም። የአካል ጉዳት ያለበት ወገናችን፣ በተለይም ባለፉት ዓመታት ጦርነት እጁን ወይም እግሩን ያጣ ወጣት፣ ክራንቹን ዳር አስቀምጦ በራሱ ኃይል የሚንቀሳቀስበት ቦታ ገንዳ ነው። ለእርሱ ይህ ጨዋታ አይደለም፤ ሰውነቱን መልሶ የራሱ ማድረግ ነው።

ይህ እውቀት ከውጭ የመጣብን አይደለም። ቁርጥማት የያዘውን ሰው ፍል ውሃ ውሰዱት ማለት የአባቶቻችን ምክር ነው። አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው ከእንጦጦ ቁልቁል በሚገኘው ፍል ውሃ ምክንያት መሆኑን ማንም የከተማዋ ልጅ ያውቃል። እቴጌ ጣይቱ ከፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠሩ፤ መኳንንቱም ተከተሏቸው፤ ከተማ ሆነ። ዋና ከተማችን በገላ መታጠቢያ ዙሪያ የተሠራች ከተማ ናት ብንል ማጋነን አይሆንም። በጎንደርም በአጼ ፋሲል ስም የሚጠራው ገንዳ በየዓመቱ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውኃ ይሞላል፤ ከጸሎቱና ከቡራኬው በኋላ ወጣቱ ዘሎ ይገባበታል። መቶ ዓመታት ያስቆጠረ፣ ሕዝብ በነጻ የሚገባበት ገንዳ ያላት አገር «ዋና የእኛ ባሕል አይደለም» ልትል አትችልም።

የወጣቱን ጉዳይ ሳናነሳ አናልፍም። ከትምህርትና ከሥራ ውጪ ያለውን ሰዓት የት ያሳልፍ? በብዙ ሰፈር ያለው አማራጭ ጫት ቤት፣ ሺሻ ቤት፣ የመጠጥ ቤትና የውርርድ ቤት ነው። የሰፈር ኳስ ሜዳዎች ብዙዎቹ ታጥረው ሕንፃ በቅሎባቸዋል። ከዚያ በኋላ ወጣቱን «ሱሰኛ» ብሎ መውቀስ ፍትሕ አይደለም። ወጣቱ የሚሄድበት ቦታ ስጡት፤ ከዚያ ውቀሱት።

ውኃው አለ፤ በሩ ግን ዝግ ነው

በአገራችን የመዋኛ ገንዳ የለም አንልም። አለ። በትልልቅ ሆቴሎች፣ በሎጆችና በሪዞርቶች ግቢ ውስጥ አለ። ሶደሬ፣ ወንዶ ገነት፣ አምቦ በፍል ውሃቸውና በገንዳቸው ስማቸው የታወቀ ነው። እነዚህ ቦታዎች በመኖራቸው ደስ ይለናል፤ በግል ባለሀብት ላይም ቅሬታ የለንም። ነጋዴ ያወጣውን ወጪ መልሶ ማትረፍ አለበት።

ጥያቄያችን ሌላ ነው። የመምህር፣ የነርስ፣ የጥበቃ ሠራተኛ ልጅ በየሳምንቱ የሚዋኝበት ቦታ የት ነው? አራት ልጆች ያሉት የመንግሥት ሠራተኛ ቤተሰቡን ይዞ ወደ አንድ ሆቴል ገንዳ ቢሄድ በአንድ ቀን የሚከፍለው ከደመወዙ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሆነ እያንዳንዳችሁ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ አይሄድም። ልጆቹም ዋና ሳይማሩ ያድጋሉ። በአገራችን ዋና ማወቅና አለማወቅ የገቢ መለያ ሆኗል ማለት ነው። የመዋኛ ገንዳን ቅንጦት ያደረገው ውኃው አይደለም፤ ለሕዝብ አለመሠራቱ ነው።

ባለፉት ዓመታት በዋና ከተማችንና በሌሎች ከተሞች አደባባዮችና መናፈሻዎች ተሠርተዋል፤ በመብራት የሚያሸበርቁ ፏፏቴዎችም ተተክለዋል። ያማሩ ናቸው፤ ያማረውን አስቀያሚ ነው ማለት የተቃዋሚ ፓርቲ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ለሚታይ ውኃ ፓምፕ፣ ማጣሪያ፣ ኤሌክትሪክና ጠባቂ ማቅረብ የቻለ አስተዳደር ለሚዋኙበት ውኃ አቅም የለኝም ቢል አንቀበለውም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአቅም ሳይሆን የምርጫ ነው። አንዱ ፎቶ ይነሱበታል፤ ሌላው ልጅ ያድናል።

ሌሎች እንዴት ጀመሩት?

የሕዝብ ገንዳ የሀብት ውጤት ነው የሚባለው ታሪክን ካለማወቅ ነው። በእንግሊዟ ሊቨርፑል እ.ኤ.አ. በ1832 ኮሌራ ሲገባ ኪቲ ዊልኪንሰን የተባለች ድሃ ሴት በቤቷ የነበረውን የውኃ ማፍያ ለጎረቤቶቿ ከፍታ ልብስና አንሶላ እንዲያጥቡ አደረገች። ከዚያ ልምድ በመነሳት በ1842 በከተማው የሕዝብ ገላና ልብስ መታጠቢያ ተከፈተ። በ1846 ደግሞ የአገሪቱ ፓርላማ የአካባቢ አስተዳደሮች መታጠቢያ ቤት እንዲሠሩ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። የብሪታንያ የሕዝብ መዋኛ ገንዳዎች መነሻ ይህ ነው። ያኔ የሊቨርፑል ሠራተኛ በአንድ ክፍል ተጨናንቆ የሚኖር፣ ቧንቧ ቤቱ ያልገባለት ድሃ ነበር። ገንዳው የመጣው ሕዝቡ ከበለጸገ በኋላ አይደለም፤ በሽታን ለመከላከል ነው።

አይስላንድ ብዙ ዓሣ አጥማጆቿ ዋና ሳያውቁ በባሕር ይሞቱባት የነበረች ትንሽ አገር ናት። እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ የዋና ትምህርት በትምህርት ቤት ግዴታ እንዲሆን ደነገገች። ከመሬት በሚፈልቀው ሙቅ ውኃ ተጠቅማም በየከተማው ገንዳ ሠራች። ዛሬ በዚያ አገር ሠራተኛውና ሚኒስትሩ ማታ ማታ በአንድ ሙቅ ውኃ ውስጥ ተቀምጠው የሚያወሩ ናቸው። የእኛም ስምጥ ሸለቆ እንዲሁ ሙቅ ውኃ ያፈልቃል። ልዩነቱ እነርሱ ውኃውን የሕዝብ ማድረጋቸው ነው።

በዋሽንግተን ዲሲ የሚኖሩ ወገኖቻችንን ጠይቋቸው። የከተማዋ ነዋሪ መሆኑን ያረጋገጠ ሰው በከተማዋ የሕዝብ ገንዳዎች የሚዋኘው በነጻ ነው። ታክሲ የሚነዳው ኢትዮጵያዊ ልጁን ይዞ ይገባል፤ ማንም ገቢህ ስንት ነው አይለውም።

ከአሜሪካ የምንማረው መጥፎ ትምህርትም አለ። በሚሲሲፒ ግዛት የምትገኘው የጃክሰን ከተማ አምስት የሕዝብ ገንዳዎች ነበሯት። ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭን መለየት ሕገ ወጥ ነው ሲል፣ አስተዳደሩ ሁሉንም በጋራ ከማስዋኘት ይልቅ አራቱን ዘጋ፤ የተከራየውን አምስተኛውንም ለቀቀ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1971 በአምስት ለአራት ድምፅ መዝጋቱ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ተባለ። የሕግ ሰዎች ይህን ፍርድ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ለእኛ ያለው ትርጉም ግን ግልጽ ነው። አቅም ያለው ክፍል የራሱ ገንዳ በግቢው ካለው፣ የሕዝቡ ገንዳ ቢዘጋ ወይም ከናካቴው ባይሠራ ግድ የለውም። ስለዚህ የሕዝብ አገልግሎት በባለሥልጣን በጎ ፈቃድ ላይ መንጠልጠል የለበትም፤ በሕግና በመራጭ ድምፅ መታሰር አለበት።

«መጀመሪያ የሚጠጣ ውኃ!»

አሁን ወደ ዋናው ተቃውሞ እንምጣ። «ጀሪካን ተሸክመን ወረፋ በምንጠብቅበት ከተማ ውኃ ለጨዋታ ይባክናል?» ይባላል። በስሌት እንመልስ።

የምናቀርበው 50 ሜትር የኦሊምፒክ ገንዳ አይደለም። 25 ሜትር ርዝመት፣ 12 ሜትር ተኩል ስፋት፣ በአማካይ አንድ ሜትር ተኩል ጥልቀት ያለው ገንዳ ነው። የሚይዘው ውኃ 470 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። ይህ ውኃ በየቀኑ የሚደፋ አይደለም፤ በፓምፕ እየተሳበ፣ በማጣሪያ እያለፈ፣ በክሎሪን እየታከመ ይመላለሳል። ባለሙያዎች ለአንድ ዋናተኛ በቀን 30 ሊትር ያህል አዲስ ውኃ እንዲጨመር ይመክራሉ። በቀን 300 ሰው ቢገባ 9 ሜትር ኩብ ነው። በትነት የሚጠፋው ሁለት ሜትር ኩብ ቢሆንና ለገላ መታጠቢያው ሌላ 9 ሜትር ኩብ ብንጨምር ድምሩ በቀን 20 ሜትር ኩብ ይሆናል።

በቀን 10,000 ሜትር ኩብ ውኃ የምታመርት አንዲት ከተማን እንውሰድ። ገንዳው የሚወስደው ከአንድ ሺህ ሁለት እጅ ብቻ ነው። ይህችው ከተማ ከምታመርተው ውኃ ከመቶ አሥር እጁ እንኳ ባረጀ ቧንቧ ቢፈስባት በአንድ ቀን 1,000 ሜትር ኩብ አጣች ማለት ነው፤ ይኸውም ሁለት ገንዳ ሙሉ ነው። በሰፈራችሁ የተሰበረ ቧንቧ ለሳምንታት ሲፈስ አይታችኋል። ቤታችሁ ውኃ እንዳይደርስ ያደረገው ያ ቸልተኝነት እንጂ ገና ያልተሠራው ገንዳ አይደለም።

ይህን ስንል ግን የገባነውን ቃል በልክ እናስቀምጣለን። ነዋሪው በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ውኃ በማያገኝበት ከተማ መጀመሪያ የምንሠራው የመጠጥ ውኃ ነው። እዚያ ገንዳ እንከፍታለን ብለን አናታልልም። የምንጀምረው ፍል ውሃ ወይም የራሱ ጉድጓድ ውኃ ባለባቸው ከተሞች ነው። ቧንቧ ቤቱ ላልገባለት ነዋሪ ደግሞ የገንዳው ገላ መታጠቢያ ራሱ ትልቅ አገልግሎት መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የባሕልና የሃይማኖት ነው። እናቶችና እህቶች ከወንዶች ጋር መዋኘት ላይፈልጉ ይችላሉ፤ ይህ ሊከበር ይገባል። መፍትሔውም ቀላል ነው። ለሴቶች ብቻ የተለየ ሰዓት፣ በዚያ ሰዓት ሴት አሠልጣኝና ሴት ጠባቂ፣ ገላን የሚሸፍን የዋና ልብስም የተፈቀደ መሆን አለበት። እንዲህ ካልሆነ ገንዳው የወንዶች ልጆች ብቻ ይሆናል፤ ግማሹ ሕዝብ የከፈለበትን አገልግሎት ያጣል።

ሦስተኛው «ተሠርቶ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ይበላሻል» የሚለው ነው። ይህ ስጋት በልምድ የመጣ ነው። ስንት የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ተመርቆ ተቆልፏል! ያልታከመ የገንዳ ውኃ በሽታ ያስተላልፋል፤ ጠባቂ የሌለው ገንዳ ደግሞ ከካባው አይሻልም። ስለዚህ የጥገናና የጠባቂ በጀት ያልተያዘለትን ገንዳ ሪባን ከመቁረጥ አለመሥራት ይሻላል እንላለን።

ሕጉ ምን ይላል?

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በሕዝብ ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳለው ይደነግጋል። በዚሁ አንቀጽ መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ አለበት። አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን አቅም በፈቀደ መጠን መርዳት፣ ለስፖርት መስፋፋት አስተዋጽኦ ማድረግም እንዲሁ ተጽፏል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 31 የልጅን የመጫወትና የመዝናናት መብት ያረጋግጣል። እነዚህ ድንጋጌዎች ገንዳ የሚል ቃል የላቸውም፤ መንግሥት የከተማን ገንዘብ ለማን እንደሚያውል ግን ይናገራሉ።

ስለ ጉድጓዶቹም ሕግ አለ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2069 የመሬትን የተፈጥሮ አቀማመጥ በመለወጥ ሌላውን ሰው ያልተለመደ አደጋ ላይ የጣለ ሰው፣ አደጋው በደረሰ ጊዜ ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ እንደሚሆን ይናገራል። ከባለሥልጣን ፈቃድ አግኝቻለሁ ማለትም አያድነውም፤ ቆፋሪው መንግሥት ራሱ ቢሆንም እንኳ ሕጉ አይምረውም። እንግዲህ ጉድጓድ ቆፍሮ ሳያጥር የሄደ ሥራ ተቋራጭ፣ ካባ ሳይደፍን የተወ ድርጅት ለሞተው ልጅ ቤተሰብ የሚጠየቅበት መሠረት ካለ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። የጠፋው ሕጉ አይደለም። ድሃው ቤተሰብ ጠበቃ የለውም፤ አስተዳደሩም አይጠይቅም።

ፓርቲያችን ቢመረጥ

1ኛ/ ውኃ የሚያቋርና ለሰው ሕይወት የሚያሰጋ ማንኛውም የግንባታ ጉድጓድና ካባ ክረምት ከመግባቱ በፊት እንዲታጠር ወይም እንዲደፈን እናስገድዳለን። ያላደረገው በራሱ ወጪ እንዲደፈን ይደረጋል። በነዚህ ጉድጓዶች ልጃቸውን ላጡ ቤተሰቦች አስተዳደሩ ነጻ የጠበቃ አገልግሎት ይሰጣል። ይህ ገንዳ እስኪሠራ የማይጠብቅ፣ ከመጀመሪያው ክረምት የሚጀመር ሥራ ነው።

2ኛ/ በከተማ ፕላን ውስጥ ለሕዝብ ገንዳና ለስፖርት የሚሆን ቦታ ተለይቶ ይያዛል፤ ለሊዝ ጨረታ አይቀርብም። ከከተማው የሊዝ ገቢ የተወሰነው ድርሻ ለዚህ እንዲውል በምክር ቤት ውሳኔ ይታሰራል።

3ኛ/ ፍል ውሃና በቂ ጉድጓድ ውኃ ካላቸው ከተሞች በመጀመር ባለ 25 ሜትር ገንዳ ይሠራል። ከተቻለ በትምህርት ቤቶች መካከል ይሆናል፤ ጠዋት ተማሪዎች፣ ከሰዓት በኋላና ማታ ነዋሪው ይጠቀምበታል። ገንዳው ያለበት ከተማ ተማሪ ሁሉ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን ከመጨረሱ በፊት መንሳፈፍ፣ መዋኘትና ሰው ማዳን ይማራል።

4ኛ/ ልጆች፣ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በነጻ ይገባሉ። ሌላው ነዋሪ የሚከፍለው ዋጋ በምክር ቤት ይወሰናል እንጂ በገንዳው ሥራ አስኪያጅ አይጨመርም። መወጣጫና መውረጃው ለተሽከርካሪ ወንበር የሚመች ይሆናል።

5ኛ/ በየገንዳው የሠለጠኑ የነፍስ አድን ሠራተኞች፣ የዋና አሠልጣኞችና የውኃ ማከሚያ ባለሙያዎች ይቀጠራሉ። ሥልጠናው ለሰፈሩ ወጣቶች ቅድሚያ ይሰጣል። የውኃው ንጽሕና በየቀኑ ተመርምሮ ውጤቱ በመግቢያው በር ላይ ይለጠፋል። ጠባቂ ከሌለ ወይም ውኃው ካልተመረመረ ገንዳው በዚያን ዕለት አይከፈትም።

6ኛ/ እያንዳንዱን ገንዳ የሚቆጣጠር ኮሚቴ ከተጠቃሚዎች መካከል ይመረጣል። ሕዝባችን ዕድሩን ያለ መንግሥት እርዳታ ለብዙ ዓመታት ሲያስተዳድር የኖረ ነው፤ ሒሳቡም በአባላት ፊት ይነበባል። የገንዳውም ገቢና ወጪ በዓመት ሁለት ጊዜ በነዋሪው ፊት እንዲሁ ይነበባል።

የተከበራችሁ መራጮች፤

አንድ ከተማ ለነዋሪዎቹ ያለው አክብሮት የሚለካው በሕንፃው ከፍታ ብቻ አይደለም። የጥበቃ ሠራተኛው ልጅ ቅዳሜ ጠዋት የት ይሄዳል? ጉልበታቸው የደከመ እናት የት ይንቀሳቀሳሉ? እግሩን ያጣው ወጣት የት ይዝናናል? ለምርጫ ቅስቀሳ ወደ ደጃችሁ የሚመጣውን እጩ ሁሉ፣ የእኛንም ጨምሮ፣ እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቁት። በሰፈራችሁ ያለው ጉድጓድ መቼ እንደሚታጠር ቀኑን እንዲነግራችሁ አድርጉ። መልስ ያለውን ምረጡ።

እኛ መልሳችንን ከላይ በስድስት ነጥብ ጽፈናል። ድምፃችሁን ከሰጣችሁን በኋላ ይህን ወረቀት አትጣሉት፤ አስቀምጡትና በእርሱ ጠይቁን።